ዕድል ዕቁብ አይደለም፦ በኦንላይን ፖከር ሽንፈት ሲደራረብ

ቅዳሜ ማታ ነበር፤ አራት ኪሎ፣ ከሐውልቱ ትንሽ ወረድ ብላ ባለች ካፌ። የጓደኛዬ ማኪያቶ ሳይነካ ቀዝቅዞ ላዩ ላይ ስስ ቆዳ ሠርቷል። ስልኩን ወደ እኔ አዞረና አንድ መስመር አሳየኝ። መስመሩ ከግራ በኩል ትንሽ ሽቅብ ይልና መሃል ላይ ይታጠፋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ቁልቁለት ነው። ታች ጥግ ላይ በቀይ የተጻፈው ኪሳራ 80 ዶላር ይላል።

«ሰባተኛ ሳምንቴ ነው» አለኝ። «ግን ግድ የለም፣ አሁን ተራዬ ደርሷል። ሰባት ሳምንት ሙሉ ተበልቼ ስምንተኛውንም ልበላ? አይሆንም።»

ስለ ጨዋታው ብዙ ልለው የምችለው ነገር ነበረኝ፤ እኔም ለአራት ዓመት ያህል ተጫውቼዋለሁ። ጆሮዬ ላይ የቀረችው ግን አንዲት ቃል ናት፤ ተራዬ። ይህችን ቃል እኔም በክፉ ጊዜዬ ብያታለሁ። ከየት እንደመጣች የገባኝ በጣም ዘግይቶ ነው።

በመሃል አዲስ አበባ ስለ ቁማር ሲወራ መጀመሪያ የሚታሰበው የእግር ኳስ ውርርድ ነው። ፖከር የሚጫወቱት ቁጥራቸው አነስተኛ ነው፤ ብዙዎቹም ኮምፒውተር የለመዱ፣ ሒሳብ የማይፈሩ ወጣቶች ናቸው። ጨዋታው ላልገጠመው ሰው ባጭሩ እንዲህ ነው፤ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተደብቆ ይሰጠዋል፣ አምስት ካርታ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ ለሁሉም ይገለጣል፣ በየመሃሉ ገንዘብ ይጨመራል ወይም ካርታ ይጣላል። ከውርርድ ቤት ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ነው። ተፎካካሪህ ድርጅቱ ሳይሆን ሌላ ሰው ነው፤ ከብራዚልም ከሩሲያም ሊሆን ይችላል። ድርጅቱ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ላይ ድርሻውን ይቆርጣል፤ ብዙውን ጊዜ ከመቶ 5 አካባቢ ሆኖ ጣሪያ አለው። ስለዚህ ችሎታ ያለው ሰው በረጅም ጊዜ ሊያተርፍ ይችላል። ሽንፈት ሲደራረብ ነገሩን የሚያከብደውም ይኸው ነው። ሎተሪ ያልደረሰው ሰው ራሱን አይጠይቅም። ፖከር የተበላ ሰው ግን «ካርታው ነው ወይስ እኔ ነኝ?» እያለ ያድራል።

ወደ ተራ ልመለስ። እኛ ዕጣን የተማርነው ከዕቁብ ነው። እናቶቻችን በእሑድ ቡና ላይ፣ አባቶቻችን በመሥሪያ ቤት፣ ነጋዴው በመርካቶ፣ ሁሉም ዕቁብ ጥሏል። ዕቁብ ደግሞ በጣም የተለየ የዕጣ ዓይነት ነው። 24 ሰው ያለበትን ዕቁብ እንውሰድ። በመጀመሪያው ሳምንት ዕጣው ለአንተ የመውጣቱ ዕድል ከ24 አንድ ነው። ዕጣ የወጣለት ሰው ስሙ ተመልሶ ስለማይገባ በ10ኛው ሳምንት ላልደረሰው ሰው ዕድሉ ከ15 አንድ ይሆናል። በ23ኛው ሳምንት ከሁለት አንድ። በመጨረሻው ሳምንት ማንም ዕጣ አያወጣም፤ ገንዘቡ የአንተ ነው። በዕቁብ ውስጥ «ይህን ያህል ጊዜ ስላልደረሰኝ አሁን መድረሱ ነው» የሚል ሰው ፍጹም ትክክል ነው። መጠበቅ ዋጋ አለው፤ ያልደረሰህ እያንዳንዱ ሳምንት ወደ ድርሻህ ያቀርብሃል።

ካርታ እንዲህ አይሠራም። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ 52ቱም ካርታ እንደገና ተሰብስቦ ይበወዛል። የወጣው ስም ተመልሶ ወደ ባርኔጣው ይገባል ማለት ነው። ሁለት አስ አንድ ላይ የማግኘት ዕድል ከ221 ዙር አንድ ነው፤ 220 ዙር ሳታይ ብትቀመጥም ቀጣዩ ዙር ላይ ያው ከ221 አንድ ነው። 221 ዙር ተጫውተህ አንድም ጊዜ ሁለት አስ ያለማየት ዕድልህ ከመቶ 37 ገደማ ይሆናል። ይህ ለብዙ ሰው ግፍ ይመስላል። የበደለህ ግን የለም፤ ካርታው የት እንደነበርክ አያስታውስም።

ስሕተቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1913 ሞንቴ ካርሎ ውስጥ ሩሌት ላይ፣ ማለትም ኳስ ጥቁር ወይም ቀይ ላይ በሚያርፍበት መሽከርከሪያ፣ ጥቁር 26 ጊዜ ተከታትሎ ሲወጣ፣ ሰዎች «አሁንስ ቀይ መሆን አለበት» እያሉ ብዙ ገንዘብ አፍስሰው ተበልተዋል። እነሱ ስሕተቱን ከየት እንዳመጡት አላውቅም። የእኛ ግን በከፊል ከምንወደውና ከምንኮራበት ባህል የመጣ ይመስለኛል። ለዚህም ነው አንድን አዲስ አበቤ «የቁማርተኛ የተሳሳተ እምነት» በሚል የመጽሐፍ ቃል ከማስረዳት «ይኼ ዕቁብ አይደለም» ማለት የሚቀለው።

አሁን ወደ ቁጥሩ እንግባ፤ ነገሩ የሚከብደው እዚህ ላይ ነውና። ፖከር ተጫዋቾች ውጤታቸውን የሚለኩት በቢግ ብላይንድ ነው፤ ይኸውም በየዙሩ በግዴታ የሚቀመጠው ትልቁ መነሻ ነው። አንድ መግቢያ፣ ማለትም ጠረጴዛ ላይ ይዘኸው የምትቀመጠው ገንዘብ፣ አብዛኛውን ጊዜ 100 ቢግ ብላይንድ ነው። በ100 ዙር 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ሰው በኦንላይን ጠረጴዛ ጥሩ ተጫዋች ይባላል። ነገር ግን በዚያው 100 ዙር ውስጥ ውጤቱ ወደ ላይም ወደ ታችም 90 ቢግ ብላይንድ ያህል ይወዛወዛል። ትርፉ 5፣ መወዛወዙ 90! ጫጫታው ድምፁን ውጦታል።

ይህን ይዘን 10,000 ዙር ብናሰላ፣ ይህ ጥሩ ተጫዋች በአማካይ 500 ቢግ ብላይንድ ያተርፋል፤ መወዛወዙ ግን ወደ 900 ይደርሳል። ስለዚህ ልክ እንደ እሱ ጥሩ የሆኑ 100 ሰዎች እያንዳንዳቸው 10,000 ዙር ቢጫወቱ 29 ያህሉ ከስረው ይነሳሉ። አልተሳሳቱም፣ አልሰነፉም፤ ከስረዋል። 100,000 ዙር ቢጫወቱ የሚከስሩት 4 ያህል ብቻ ይሆናሉ። በሁለት ጠረጴዛ በሰዓት 140 ዙር ገደማ የሚጫወት ሰው 100,000 ለመድረስ ከ700 ሰዓት በላይ ያስፈልገዋል። እውነቱ የሚታወቀው እዚያ አካባቢ ነው፤ ሰው ደግሞ በሰባት ሳምንት ውስጥ ሊያውቀው ይፈልጋል።

ውድድር የሚጫወቱት ጋ ደግሞ ይብሳል። ከ100 ውድድር በ15ቱ ሽልማት ውስጥ የሚገባ ሰው ደህና ተጫዋች ነው። ይህ ሰው በዓመት 200 ውድድር ቢጫወት፣ በመሃሉ ቢያንስ አንድ ጊዜ 20 ውድድር ተከታትሎ ባዶ እጁን የመውጣት ዕድሉ ከግማሽ በላይ ነው። ሃያ ጊዜ በተከታታይ! ይህን አስቀድሞ የማያውቅ ሰው በ12ኛው ላይ ድርጅቱ ካርታ ያጭበረብራል ብሎ መማል ይጀምራል።

የጓደኛዬን ቁጥር እንመልከት። በሰባቱ ሳምንት 9,000 ዙር ያህል ተጫውቶ፣ በ10 ዶላር መግቢያ ጠረጴዛ 8 መግቢያ፣ ማለትም 800 ቢግ ብላይንድ ከስሯል። ናፕኪን ላይ አብረን አሰላነው። በ100 ዙር 5 ቢግ ብላይንድ የሚያተርፍ ተጫዋች በ9,000 ዙር ይህን ያህል ወይም ከዚህ በላይ የመክሰር ዕድሉ ከመቶ 7 ነው። የማያተርፍና የማይከስር ተጫዋች ከመቶ 17። በ100 ዙር 5 የሚከስር ደግሞ ከመቶ 34። ሦስቱም ሊሆኑ ይችላሉ። ጥሩ ተጫዋች መሆኑ አልተሰረዘም፤ ማስረጃው ግን ወደ ሌላኛው ወገን ያዘነብላል።

ይህን ስነግረው ዝም አለ። ብዙ ሰው ስለ ሽንፈት ሲያጽናና «ዕድል ነው፣ ያልፋል» ይላል። እኔ ይህን ማለት አልወድም። ሽንፈት ላይ ነኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ሁሉ በእርግጥ ጥሩ ተጫዋች ሆኖ ዕድል የጎደለው አይደለም። አብዛኛው ሰው፣ የድርጅቱ ድርሻ ከተቆረጠ በኋላ፣ በዚህ ጨዋታ ከሳሪ ነው። ለእሱ ይህ ክፉ ጊዜ አይደለም፤ የተለመደው ውጤቱ ነው፤ ክፉ ጊዜ የሚመስለው በፊት ጥቂት ቀን ቀንቶት ስለነበር ነው። መስመሩ መጀመሪያ ላይ ሽቅብ ያለው ምናልባት ዕድል የነበረው እዚያ ላይ ይሆናል።

ጨዋታውም ከብዷል። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስ መኒሜከር የተባለ የሒሳብ ሠራተኛ በኢንተርኔት ማጣሪያ አልፎ በላስ ቬጋስ የዓለም ዋና ውድድር 2.5 ሚሊዮን ዶላር ሲያሸንፍ፣ ብዙ ጀማሪ ወደ ጨዋታው ጎረፈ። ያ ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ2019 ፕሉሪበስ የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም በስድስት ሰው ጠረጴዛ ላይ ከዓለም ምርጥ ተጫዋቾች ጋር ተጫውቶ አሸንፏል። ዛሬ ትንንሽ ጠረጴዛ ላይ እንኳ በፕሮግራም የተለማመደ ሰው ይቀመጣል። አራት ኪሎ ተቀምጦ ከስልክ የሚጫወት ልጅ ይህን ማወቅ አለበት።

በውርርድ በኩል ያለ አንድ ነገር እዚህ ላይ ላንሳ፤ ብዙ አንባቢ የሚያውቀው እሱን ነውና። አሥር ጨዋታ አንድ ቲኬት ላይ የቆረጠ ሰው ብዙ ጊዜ «አንድ ጨዋታ በላችኝ» ሲል ትሰማለህ። እያንዳንዱ ጨዋታ የመሳካት ዕድሉ ከመቶ 63 ነው እንበል። አሥሩም የመሳካታቸው ዕድል ከመቶ 1 ገደማ ነው። ዘጠኙ ተሳክቶ አንዷ ብቻ የመበላሸት ዕድል ግን ከመቶ 6 ገደማ ነው። «ለጥቂት» የሚለው ስሜት ከድሉ ስድስት እጥፍ ያህል ይደጋገማል። ሰው ግን «ደርሼ ነበር» ብሎ ይቆጥረዋል፤ በማግስቱም ይመለሳል። በፖከርም ያው ነው፤ በመጨረሻው ካርታ የተበላ እጅ ለወር አይረሳም።

እንዲህ ያለ እጅ አሳየኝ። ጓደኛዬ ሁለት አስ ይዞ፣ ሌላው ሁለት ኪው ይዞ፣ ሁለቱም ያላቸውን ሁሉ አስቀምጠዋል። በዚህ ሁኔታ አስ የያዘው ከአምስት ጊዜ አራት ያህል ያሸንፋል። አራት ካርታ ተገልጦ ምንም አልመጣም። አምስተኛው ኪው ሆነ። «ይኼ ፍትሕ ነው?» አለኝ። ከአምስት አንድ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። 10,000 ዙር የሚጫወት ሰው ሁለት አስ 45 ጊዜ ያህል ያገኛል፤ ከእነዚያ ውስጥ ጥቂቱን በዚህ መንገድ ይበላል። አሥር ዶላሩ ሄደ። ትልቁ ጉዳት ግን ከዚያ በኋላ ባለው ሰዓት ውስጥ ነው።

የውጭ ተጫዋቾች ለዚህ «ቲልት» የሚል ቃል አላቸው። የተወሰደው ከፒንቦል ማሽን ነው፤ ተጫዋቹ ተናዶ ሲነቀንቀው ማሽኑ «ቲልት» ብሎ ይቆም ነበር። አማርኛ የራሱ ቃል አለው፤ እልህ። የሚገርመው እኛ እልህን እናመሰግነዋለን። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ኃይሌ ገብረሥላሴ ፖል ቴርጋትን በ10,000 ሜትር በመቶኛ ሰከንድ 9 ብቻ ሲቀድመው ያየ ልጅ፣ እልህ ምን እንደሚያደርግ በዓይኑ አይቷል። ያ እልህ ግን የሚሠራው የገዛ እግርህ ላይ ስለሆነ ነው። ብትናደድ እግርህ ይፈጥናል። ካርታ ብትናደድበት አይፈጥንም። ጠረጴዛ ላይ እልህ የሚለውጠው የአንተን ውሳኔ ብቻ ነው፤ መጣል ያለበትን እጅ ያስይዝሃል፣ ከ10 ዶላር ጠረጴዛ ወደ 25 ዶላር ያወጣሃል። «ላስመልስ» የምትለዋ ቃል የምትመጣውም እዚሁ ላይ ነው።

የሥነ ልቦና ተመራማሪዎቹ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ሥራ ያሳዩት ነገር ከዚህ ጋር ይገጥማል፤ ሰው ትርፍ ላይ ሲሆን ጠንቃቃ ይሆናል፣ ኪሳራ ላይ ሲሆን ግን ኪሳራውን ለማጥፋት ሲል በሌላ ጊዜ የማይነካውን አደጋ ይወስዳል። ስለዚህ ክፉ ጊዜ ላይ ያለ ሰው በትክክል በተሳሳተው ሰዓት ደፋር ይሆናል።

ሌላው የከተማችን ችግር ሰዓት ነው። ትልልቅ ጠረጴዛዎች የሚሞሉት በአውሮፓና በአሜሪካ ምሽት ነው። ኒው ዮርክ ላይ በበጋቸው ከምሽቱ 3 ሰዓት ሲሆን፣ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። የሥራ ቀን ያለበት ሰው እንቅልፉን ቆርጦ ነው የሚጫወተው። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ደግሞ ሰዓቱ ይቆጥርና እጅህ ይጣላል። ይህ ዕድል አይደለም፤ አስቀድሞ ሊቆጠር የሚገባው ወጪ ነው።

ብሩም አለ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። 10 ዶላር መግቢያ ስክሪኑ ላይ ያው 10 ነው፤ ከደመወዙ አንጻር ግን ሌላ ጠረጴዛ ሆኗል። ብዙዎች ዶላሩን የሚያገኙት በስልክ ከማያውቁት ሰው ዲጂታል ገንዘብ በመግዛት ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2014 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ግብይት ሕገወጥ መሆኑን አስታውቋል። ሻጩ ብሩን ተቀብሎ ቢጠፋ የት ሄደህ ትከሳለህ? ክፉ ጊዜ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ይህን ሁሉ ለማየት ትዕግሥት የለውም፤ ቶሎ እንዲገባለት ብቻ ነው የሚፈልገው።

ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ብቸኝነቱ ነው። ፒያሳ በ2016 ዓ.ም. ሳይፈርስ በፊት በየጓሮው ካርታና ፑል የሚጫወትባቸው ቤቶች ነበሩ። ጥሩ ቦታ ነበሩ ማለቴ አይደለም፤ ብዙ ቤተሰብ አስለቅሰዋል። ነገር ግን እዚያ የተበላን ሰው ሁሉ ያየዋል። አንድ ትልቅ ሰው ነበሩ፣ ኮንከር የሚጫወት ልጅ ፊቱ ሲቀየር ያዩና «በል ተነስ፣ ዛሬ ይበቃሃል፣ እናትህ ትጠብቅሃለች» ይሉ ነበር። ልጁ ቢያኮርፍም ይነሳል። በ2015 ዓ.ም. የከተማው አስተዳደር የውርርድ ቤቶችን ሲዘጋ ብዙው ጨዋታ ወደ ስልክ ገባ። ስልክ ውስጥ «ተነስ» የሚል ትልቅ ሰው የለም። ልጁ በብርድ ልብስ ውስጥ ሆኖ 80 ዶላር ሲበላ አጠገቡ የተኛ ወንድሙ አያውቅም። ቁማር በሃይማኖትም በሰፈርም የተነቀፈ ስለሆነ ሰው ጠዋት ተነስቶም አይናገርም። ሽንፈት ብቻውን ሲታሰር ያድጋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የማውቀውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ገንዘቡ ይለይ። የጨዋታ ገንዘብ ቢጠፋ የቤት ኪራይ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም የእናት መድኃኒት የማይነካ መሆን አለበት። ለመደበኛ ጠረጴዛ ከ30 መግቢያ በታች ይዞ መቀመጥ፣ ከላይ ባየነው መወዛወዝ፣ ጥሩ ተጫዋችንም ሊያጠፋው ይችላል። 300 ዶላር የሌለው ሰው 10 ዶላር ጠረጴዛ ላይ ምንም ሥራ የለውም፤ 2 ዶላር ላይ ይቀመጥ። ወደ ታች ጠረጴዛ መውረድ እኛ ዘንድ ውርደት ይመስላል። እኔ አንድ ጊዜ አሳፍሮኝ ሳልወርድ ቀርቼ፣ ሦስት ወር የቆጠብኩትን በ11 ቀን ጨርሼዋለሁ።

ሁለተኛ፣ ማቆሚያው ከመቀመጥ በፊት ይወሰን። በአንድ ምሽት ሦስት መግቢያ ከተበላ ይዘጋ። እውነቱን ለመናገር ይህ ደንብ የካርታውን ሒሳብ አይለውጠውም፤ ነገ ያለው ዕድል ከዛሬው ጋር አንድ ነው። የሚለውጠው ወሳኙን ሰው ነው። ሦስት መግቢያ የተበላውና ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ያለው አንተ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ቡና ጠጥቶ የተቀመጠው አንተ አይደለህም። ውሳኔው ለሁለተኛው ይተው።

ሦስተኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ጓደኛዬን ያናገረው እሱ ነው። ከተበላባቸው ትልልቅ እጆች አሥሩን እንዲመርጥ ጠየቅሁት። አንድ ሶፍት አጥፌ የእያንዳንዱን መጨረሻ ሸፈንኩ፤ ማን እንዳሸነፈ፣ የመጨረሻው ካርታ ምን እንደነበር አይታይም። የሚታየው እሱ ሲወስን የነበረው ብቻ ነው። «እዚህ ላይ አሁን ብትሆን ምን ታደርጋለህ?» አልኩት። አራቱ ላይ ሳያመነታ «ያንኑ አደርጋለሁ» አለ፤ የሁለቱ አስ እጅ አንዱ ነው። ስድስቱ ላይ ግን ዝም እያለ «እጥለዋለሁ» አለ። ከዚያ ሰዓታቸውን አየን። ሰዓቱ የተጻፈው በሌላ አገር አቆጣጠር ስለነበር ወደ እኛ ቀየርነው። አራቱ ከምሽቱ 3 እስከ 5 ሰዓት ባለው ውስጥ ናቸው። ስድስቱም ከሌሊቱ 8 ሰዓት በኋላ ናቸው።

ናፕኪኑ ላይ ያለውን ቁጥር ትቶ እሱን ደጋግሞ አየው። ክፉ ጊዜው ግማሹ ካርታ፣ ግማሹ እንቅልፍ ማጣት ሆኖ ተገኘ።

አራተኛው ነገር ከጨዋታ ውጪ ነው። ሰው ለማስመለስ ሲል መበደር ከጀመረ፣ በተለይ በስልክ በሁለት ደቂቃ የሚገኘውን ትንሽ ብድር፣ ቤተሰቡን መዋሸት ከጀመረ፣ አቆማለሁ ብሎ ማቆም ካቃተው፣ ይህ ከእንግዲህ የፖከር ጥያቄ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በበሽታዎች ዝርዝሩ ውስጥ የቁማር ሕመምን ከሱስ ጠባዮች ጋር መድቦታል። የአእምሮ ሐኪም ያውቀዋል። አማኑኤል ሆስፒታል መሄድ ብዙ ሰው የሚያፍርበት ነገር ነው፤ ስሙ ራሱ በከተማችን ስድብ ሆኖ ኖሯል። የማውቀው አንድ ሰው ለንስሐ አባቱ ተናግሮ፣ እሳቸው ናቸው እጁን ይዘው ሐኪም ዘንድ የወሰዱት። በየትኛውም በር ይገባ፣ ዋናው ሌላ ሰው ማወቁ ነው።

ያን ማታ ሒሳቡን ከፍለን ልንነሳ ስንል ጓደኛዬ ያልጠበቅሁትን ነገር ነገረኝ። «ተራዬ ነው ያልኩህ ዝም ብዬ አይደለም። ሐሙስ ዕለት የመሥሪያ ቤቱ ዕቁብ ወጥቶልኛል።»

24 ሰው፣ በሳምንት 1,000 ብር፤ 24,000 ብር። በ10ኛው ሳምንት ነው የወጣለት። ግማሹን ወደ ዶላር ሊቀይረው ነበር፤ ሻጩንም አናግሮታል። ዕቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው የያዘው ገንዘብ ሙሉ በሙሉ የራሱ አይደለም። እስካሁን የጣለው 10,000 ብር ነው፤ ቀሪው 14,000 ገና ተራቸው ያልደረሰ የሥራ ባልደረቦቹ አምነው ያበደሩት ነው፣ በሚቀጥሉት 14 ሳምንታት የሚከፍለው። ለዚህም ነው ዕቁብ ዋስ የሚጠይቀው።

«ዋስህ ማነው?» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተና ቀና ብሎ አየኝ። «የፈረምከውን ረሳኸው እንዴ?»

በመስከረም ነበር የፈረምኩት፤ እውነትም ረስቼው ነበር። ከካፌው ወጥተን እስከ ታክሲው ድረስ ሳንነጋገር ሄድን። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራችን ሊደርስ ሲል ስልኩን አወጣና ለሻጩ «ይቅር» ብሎ ጻፈለት፤ ከዚያ ለእህቱ ደውሎ ነገ ከቅዳሴ በኋላ ቤት እንደሚመጣና የሚያስቀምጥላት ገንዘብ እንዳለው ነገራት። ምን ገንዘብ እንደሆነ ስትጠይቀው «ስመጣ እነግርሻለሁ» አላት፤ ትንሽ ዝም ብሎም «ሌላም የምነግርሽ አለ» አለ።